ከዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህርነትና ከታዳጊ ፕሮጀክት አሠልጣኝነት የትኛው ወደ ኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝነት ያደርሳል?

የቢቸናው ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። በስፖርት ሙያ ለቆያችሁ ታላላቆቼና የሙያ ጓደኞቼ በሙሉ፣ ይህን የምጽፈው ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ትውልዴ ቢቸና ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በስፖርት ሳይንስ ባለፈው ሰኔ አግኝቻለሁ፤ ከመመረቄ በፊትም የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ዲ ላይሰንስ፣ ማለትም የአሠልጣኝነት ፈቃድ፣ ሥልጠና ወስጃለሁ። የምመኘው ሥራ አንድ ነው፤ የኮሌጅ ወይም የዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቡድን ማሠልጠን። ስለ ክለብ የማላነሣው ንቄው ሳይሆን ምክንያት ስላለኝ ነው። በወረዳችን ትምህርት ቤት ለስድስት ዓመት አማካይ ሆኜ ስጫወት ኳስ ወደ እኔ በመጣች ቁጥር ዓይኔ ከእሷ ላይ አይነሣም ነበር። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት የትምህርት ክፍላችንን ቡድን የሚያሠለጥኑት መምህር አንድ ቀን ልምምዱን አስቁመው ከኋላዬ ቆሙና "ኳሷ እግርህ ሥር ከመድረሷ በፊት ከኋላህ ስንት ሰው እንዳለ ንገረኝ" አሉኝ። መናገር አልቻልኩም። ከዚያም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ፣ ኳስ በተላከልኝ ቁጥር ትከሻዬን ዞር ብዬ እያየሁ ከኋላዬ የቆሙትን ሰዎች ቁጥር ጮክ ብዬ እንድናገር አደረጉኝ። በማግሥቱ ስጫወት ሜዳው የሰፋ መሰለኝ። ይህን የነገረኝን ሰው ያገኘሁት በ19 ዓመቴ ነው። ቢቸና ላይ አብረውኝ የተጫወቱና ከእኔ የሚሻሉ ልጆች ግን እንዲህ ያለ ሰው ሳያገኙ ኳስ አቁመዋል። እኔ ለሌሎች ልጆች ያ ሰው መሆን እፈልጋለሁ።

አሁን ሁለት ዕድል አግኝቻለሁ። አንደኛው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግራጁዌት አሲስታንት (ረዳት መምህር) ሆኖ መቀጠር ነው፤ ፈተናውን አልፌያለሁ። ደመወዙ ቋሚ ነው፣ ሁለተኛ ዲግሪም ያስተምሩኛል፤ ነገር ግን የተቋሙ ቡድን የሚሰባሰበው ውድድር ሲቃረብ ብቻ እንደሆነ፣ የሚያሠለጥነውም ሌላ መምህር እንደሆነ ተነግሮኛል። ሁለተኛው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከ15 ዓመት በታች በሆነ የታዳጊ ፕሮጀክት ረዳት አሠልጣኝ መሆን ነው። ክፍያው የቤት ኪራይ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም፤ ልምምዱ ግን በሳምንት አምስት ቀን ነው። ገበሬው አባቴ "ደመወዝ ያለውን ያዝና ኳሱን ቅዳሜ ቅዳሜ ተጫወት" ይሉኛል። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ እዚያ የኮሌጅ እግር ኳስ አሠልጣኝ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በላይ እንደሚከፈለው ነግሮኛል። እነዚያ ሰዎች በምን መንገድ ነው እዚያ የሚደርሱት? ከእነሱ ለእኛ የሚሆን ነገር አለ ወይ? ከሁለቱስ የትኛውን ልያዝ? መልስ የምሰጥበት ጊዜ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው።

የፕሮጀክት አሠልጣኝ፣ ፍኖተ ሰላም፦

ልጄ፣ እንኳን ለምረቃህ አበቃህ። ታዳጊ ማሠልጠን ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ሳላወላውል ልንገርህ፤ ልጆቹን ያዝ።

የዲ ላይሰንስ ሥልጠና የወሰድክ ስለሆነ የልምምድ ዕቅድ በወረቀት ላይ ማዘጋጀት ታውቃለህ። ለ20 ልጅ በ20 ኳስ ያቀድከው ልምምድ ግን፣ ሜዳ ስትደርስ 34 ልጅ አምስት ኳስ ይዞ ይጠብቅሃል፤ ከአምስቱም አንዷ ትተነፍሳለች። ከዚያ በኋላ የምታደርገውን ማንም በሥልጠና ክፍል ውስጥ አያስተምርህም። እኔ እንዲህ ባለ ቀን ልጆቹን ስምንት ስምንት አድርጌ በአራት ክብ እከፍላቸዋለሁ፤ ስድስቱ ዙሪያውን ይቆማሉ፣ ሁለቱ መሐል ይገባሉ። የተረፉት ሁለት ልጆች ደግሞ ሳይቋረጥ የተደረገውን ቅብብል ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ በየሦስት ደቂቃውም ከሌሎች ጋር ይለዋወጣሉ። ይህ መሐል ባልገባ ነው፤ ማናችንም በሰፈር ስንጫወተው ያደግን ነን። የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦችም ልምምዳቸውን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዚሁ ጨዋታ ነው። ልዩነቱ ዙሪያውን የቆመው ልጅ ኳስ ሳይደርሰው የት እንደሚያቀብል አስቀድሞ እንዲያይ የሚያርመው ሰው መኖሩ ነው። አንተ በ19 ዓመትህ የሰማኸውን ነገር የ12 ዓመት ልጅ እዚህ ላይ ሊሰማው ይችላል።

የራሴን ስሕተት ሳልነግርህ ብቀር ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። ታዳጊ ማሠልጠን በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት አንድ የከተማ ክለብ ረዳት አሠልጣኝ አድርጎ ወሰደኝ። ውድድሩ በተጀመረ በስድስተኛው ጨዋታ ዋናው አሠልጣኝ ከኃላፊነት ተነሡና ቡድኑ በእኔ እጅ ወደቀ። በዕድሜ የሚበልጡኝ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ደመወዛቸው ሁለት ወር ስለዘገየም ልምምድ ሊወጡ አልፈለጉም። እኔ ኳስ ስለ መቀባበል እንጂ ሰው አሳምኖ ሜዳ ስለ ማውጣት የማውቀው አልነበረም። በየቀኑ እቆጣቸው ነበር፤ እነሱም ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ እኔም ተነሣሁ። ለስምንት ወራት ፊሽካ በእጄ አልያዝኩም። የመለሱኝ የቀድሞ ልጆቼ ናቸው፤ ቤቴ ድረስ መጥተው "ጋሼ፣ ሜዳው ባዶ ነው" አሉኝ። ይህን የምነግርህ ክለብን እንድትፈራ ብዬ አይደለም። በቶሎ ዋና አሠልጣኝ መባል ጥሩ ዕድል ቢመስልም፣ ከጀርባህ በቂ ዓመታት ከሌሉ ሊጎዳህ እንደሚችል እንድታውቅ ነው።

ስለ ላይሰንሱ፣ ከዲ በኋላ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ በመጨረሻም ፕሮ አለ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለመሻገር በመካከል በተግባር ቡድን ይዘህ መቆየት ይጠበቅብሃል፤ ስለዚህ ቡድን የሌለው ሰው ወረቀቱም ቢሆን ባለበት ይቆማል። ዋና አሠልጣኙ በአፍሪካ ክለቦች ውድድር ቡድን ይዞ ለመቅረብ ኤ ላይሰንስ ሊኖረው ግድ ነው። ያ ለአንተ ገና ሩቅ ነው። አሁን የሚያስፈልግህ ሲ ነው፤ ለሲ ደግሞ ሜዳና ልጆች።

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦

የፍኖተ ሰላሙን ታላቃችንን ምክር በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ አብዛኛውንም እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ጠያቂው ወንድማችን የጠየቀው በአጠቃላይ እንዴት አሠልጣኝ እንደሚኮን ሳይሆን የኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ እንዴት እንደሚኮን ነው፤ እዚህ ላይ መንገዱ ይለያል ብዬ አምናለሁ።

እኔ በማውቃቸው ተቋማት የእግር ኳስ አሠልጣኝ ተብሎ ራሱን ችሎ የሚወጣ ክፍት የሥራ ቦታ እምብዛም የለም። ቡድኑን የሚይዘው ከስፖርት ሳይንስ መምህራን አንዱ ነው፤ ያንንም የሚሠራው ከማስተማር ሥራው ጋር ደርቦ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር የኮሌጅ አሠልጣኝ መሰላል በተግባር የመምህርነት መሰላል ነው፤ ከግራጁዌት አሲስታንት ተነሥቶ በረዳት ሌክቸረርና በሌክቸረር በኩል ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ይወጣል። ከግቢው ውጭ ያለ ሰው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ቡድኑን ሊረከብ የሚችልበት በር ጠባብ ነው። ወንድሜ፣ አሁን የተሰጠህን ቦታ ከተውከው በሚቀጥለው ዓመት ላታገኘው እንደምትችልም አስብ።

ከዚህም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኝ፣ ሜዳ ላይ ብቻ የማይገኝ ዕውቀት አለ። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ረጅም ኳስ ፈጥኖና ርቆ ይሄዳል፤ ወደ ቆላ ወርደን በምንጫወትበት ጊዜ ግን ያው ምት ከለመድነው ቦታ ሳይደርስ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሞቃት ከተማ ለውድድር በወረድንበት ወቅት የመስመር ተከላካያችን ከእረፍት በፊት ያሻገራቸው ኳሶች በሙሉ አጥረው ተቃራኒ ተከላካይ ላይ ይወድቁ ነበር። ልጁ እግሩ የደከመ መስሎት ተጨንቆ ነበር። በእረፍት ሰዓት ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳሁትና ሁለት እርምጃ ቀርቦ እንዲያሻግር ነገርኩት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ወዲያው ለቀቀው። ሙቀቱም የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ከደጋ የመጡ ልጆች ውኃ የሚጠጡት ሲጠማቸው ብቻ ነው፤ ቆላ ላይ ግን ጥሙ እስኪመጣ መጠበቅ ጉልበትን ያሟጥጣል። እነዚህ ነገሮች ትምህርት ይፈልጋሉ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ግራጁዌት አሲስታንቱን እንድትይዝ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ቡድኑን ወደሚያሠለጥኑት መምህር ቀርበህ ያለ ምንም ክፍያ ረዳት ልሁንዎ በላቸው። እምቢ የሚል መምህር ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሥራው ብዙ ነው፣ ረዳት ሆኖ የሚመጣ ሰው ግን ጥቂት ነው።

የደጀን ልጅ፣ ከአሜሪካ፦

የአጎትህ ልጅ የነገረህ እውነት ነው፤ ግን በመጀመሪያ ስለ ሌላ ጨዋታ እንደሚያወራ ልታውቅ ይገባል። እዚህ "እግር ኳስ" የሚሉት በሞላላ ኳስ፣ የራስ ቁር ተደርጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚጫወቱትን ነው። ከእኛው ጋር የሚያመሳስለው ነገር ቢኖር በየወገኑ 11 ሰው መሰለፉ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ቡድኖች ደግሞ የተማሪ ጨዋታ ይባሉ እንጂ የቴሌቪዥንና የትኬት ገቢያቸው ከፍተኛ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107,000 ሰው በላይ ይይዛል። በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ነው፤ የአላባማው ኒክ ሴባን በመጨረሻዎቹ ዓመታት በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር። ይህን ገንዘብ ከእኛ ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ መንገዱ ግን ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል።

ስለ ጥያቄህ ሳስብ የገረመኝ ነገር አለ። እዚህም የአሠልጣኝነት የመጀመሪያ ደረጃ የሚባለው ግራጁዌት አሲስታንት ነው። ስሙ አንድ ነው፤ ሥራው ግን አንተ ከተሰጠህ የተለየ ነው። እዚህ ግራጁዌት አሲስታንት የሆነ ወጣት ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ ጥቂት የኪስ ገንዘብም ይሰጠዋል፤ ውሎው ግን ከቡድኑ ጋር ነው። የተቃራኒ ቡድንን ጨዋታ በቪዲዮ እየቆራረጠ ያዘጋጃል። ያ ቡድን የሚጠቀምባቸውን አሰላለፎች አንድ በአንድ በካርቶን ላይ ይሥላል፤ በልምምድ ሰዓትም ካርቶኑን ወደ ላይ ይዞ ለተጠባባቂዎቹ ያሳያቸዋል፤ እነሱም የተቃራኒውን ቡድን መስለው ከዋናዎቹ ጋር ይጋጠማሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መሰላል ረጅም ነው። በመጀመሪያ የአንድ የተጫዋች ዓይነት ብቻ አሠልጣኝ ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ ቢሳካለት የማጥቃቱን ወይም የመከላከሉን ክፍል በሙሉ ይይዛል፤ ዋና አሠልጣኝ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በየጊዜውም ከተማ ወደ ከተማ ይዛወራል፤ ምክንያቱም ዋናው ሲባረር ብዙ ጊዜ ረዳቶቹም አብረው ይሄዳሉ።

ያው ኒክ ሴባን እ.ኤ.አ. በ1973 ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግራጁዌት አሲስታንት ሲሆን አሠልጣኝ የመሆን ሐሳብ አልነበረውም፤ ባለቤቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ መጠበቅ ስለነበረበት አሠልጣኙ ዶን ጄምስ አብሮት እንዲሠራ ጠየቀው እንጂ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋና አሠልጣኝ የሆነው በ1990 ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከ17 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2024 መጀመሪያ ጡረታ ሲወጣ ሰባት ብሔራዊ ዋንጫ አግኝቶ ነበር። ከእሱ ይልቅ እኔን የሚነካኝ ግን የዳቦ ስዊኒ ታሪክ ነው። አላባማ ላይ ተጫውቶ፣ እዚያው ግራጁዌት አሲስታንት ሆኖ፣ ከዚያ ረዳት አሠልጣኝነት ደረሰ፤ በ2000 መጨረሻ ከነዋናው አሠልጣኝ ሲሰናበቱ ሁለት ዓመት ያህል በሪል እስቴት ኩባንያ ሠርቶ ኖረ። በ2003 የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተቀባዮች (የሚወረወርላቸውን ኳስ የሚይዙ ተጫዋቾች) አሠልጣኝ ሆኖ ተመለሰ፤ በ2008 በውድድር ዓመቱ መካከል ዋናው ሲለቁ ቡድኑን በጊዜያዊነት ተረከበ፤ በኋላም በ2016 እና በ2018 የውድድር ዓመታት ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ። የፍኖተ ሰላሙ ጋሼ ፊሽካ ሳይዙ ስለቆዩባቸው ስምንት ወራት ሲጽፉ ይህ ሰው ትዝ አለኝ። ጋሼም ስዊኒም በዓመቱ መካከል ቡድን እጃቸው ላይ ወድቆባቸዋል፤ ስዊኒ ግን ያንን ቡድን ሲረከብ ከተጫዋቾቹ ጋር በዚያው ግቢ አምስት ዓመት ኖሮ ነበር።

ስለዚህ ከሁለቱ የትኛውን ልያዝ ለሚለው ጥያቄ እኔ በሌላ ጥያቄ ልመልስ፤ ከሁለቱ ቦታዎች በየትኛው ነው በየቀኑ ከአንተ የተሻለ አሠልጣኝ አጠገብ የምትቆመው?

አሠልጣኝ ነኝ፣ ከዳንግላ፦

ወንድሜ፣ አጭር ነገር ልጨምር። ኮሌጅ ስትል ዩኒቨርሲቲ ብቻ የታየህ ይመስለኛል፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ የሴቶችን ቡድን ላሠልጥን ብዬ ስጠይቅ ቦታውን የተሻማኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም የወንዶቹን ይፈልጋል። ከተጫዋቾቼ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኳስን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የመቱት ኮሌጅ ገብተው ነው። ታኬታ ያላቸው ሦስት ብቻ ስለነበሩ በመጀመሪያው ወር ሁላችንም በባዶ እግራችን ተለማመድን፤ ባለታኬታዎቹም ጭምር። አንተ ለማስተማር የምትጓጓው ልጅ፣ ትከሻዋን ዞር ብላ እንድታይ የነገራት ሰው የሌለ ልጅ፣ እዚያ ሞልታለች። ቡድኑን ስጠይቅ ሲ ላይሰንስ አልነበረኝም፤ ያገኘሁት ቡድኑን ይዤ ሳለሁ ነው።

የቢቸናው ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የሁሉንም ሲሰሙ ከቆዩ በኋላ የጠየቁኝ ነገር ቢኖር "የፍኖተ ሰላሙ ሰውዬ ልጆች ዛሬ የት ናቸው?" የሚል ነበር። ጋሼ፣ ካልከበደዎት ይህን ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የደጀኑ ወንድሜ ያነሣኸውን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄዋለሁ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቡድኑን የሚይዙትን መምህር ደውዬ አነጋገርኳቸው፤ ቡድኑ በሁለተኛው መንፈቅ ለስምንት ሳምንት ብቻ እንደሚሰባሰብ፣ በእነዚያ ሳምንታት ግን ረዳት ቢያገኙ ደስ እንደሚላቸው ነግረውኛል። የፕሮጀክቱ ዋና አሠልጣኝ ደግሞ ቢ ላይሰንስ ያላቸው ሰው ናቸው፤ በየቀኑ ሜዳ ላይ ናቸው። ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ይቻል ይሆን ብዬ እያሰብኩ ነው፤ የመምህርነቱ ቦታ ከደብረ ማርቆስ ሩቅ ስላልሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠኝ ክፍለ ጊዜ ካነሰ ልምምዱ ላይ እደርሳለሁ።

የፕሮጀክት አሠልጣኝ፣ ፍኖተ ሰላም፦

አባትህ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል፤ ሰላምታዬን አድርስልኝ። በከፍተኛ ሊግ የተጫወቱ ሁለት ልጆች አሉኝ። አንዱ ነርስ ነው፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ በየሳምንቱ እሑድ የኔን ትንንሾች የሚያግዘኝም እሱ ነው። ሁለቱ የስፖርት መምህራን ናቸው። አንዱ ቡሬ ላይ የራሱን ፕሮጀክት ከፍቷል፤ ባለፈው ዓመት ልጆቹን ይዞ መጥቶ 3 ለ 1 አሸንፎኛል። የቀሩት ያሉበትን የማውቀው በበዓል ሲደውሉልኝ ነው።

የደብረ ማርቆሱ መምህር ያሉትን ደግሜ አሰብኩበት፤ በሩ ጠባብ ነው ባሉት ላይ ልክ ናቸው፤ ስለ ረጅሙ ኳስና ስለ ስሱ አየር የጻፉትንም በ22 ዓመት ውስጥ ምክንያቱን ሳላውቅ ስታገለው የኖርኩት ነገር ነው። ስለዚህ ሁለቱን የማጣመር ሐሳብህን እኔም እደግፈዋለሁ፤ ነገር ግን ቅጥሩን ከመፈረምህ በፊት የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ጠይቅ። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ክፍል ከሌለህ ይሆናል፤ ካለህ ግን ልጆቹ አንድ ቀን እየመጣህ አንድ ቀን እየቀረህ እንዲጠብቁህ አታድርግ፤ ያን ጊዜ ቅዳሜንና እሑድን ብቻ እመጣለሁ ብለህ ከመጀመሪያው ለዋናው አሠልጣኝ ንገራቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ደብተር ያዝ። በየልምምዱ ስንት ልጅ እንደመጣ፣ ምን እንዳሠራህ፣ ምን እንዳልሠራልህ ጻፍ። የኔ የመጀመሪያው ደብተር ክረምት ላይ ቤት ሲያፈስ ረጥቦ ጠፋብኝ፤ አንተ የፕላስቲክ ሽፋን ግዛለት። በጥቅምት ወር ውስጥ ልጆቼን ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ደብረ ማርቆስ አመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ደብተርህን ይዘህ ጠብቀኝ።